ዳገቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው

በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መልስ አለች፦ «እኔ ጋ ይሰራል።» ተጠቃሚው ደውሎ ሲስተሙ አስቸገረኝ ይላል። አንተ የራስህን ላፕቶፕ ከፍተህ ትሞክረዋለህ፤ ይሰራል። «እኔ ጋ ይሰራል» ብለህ ጉዳዩን ትዘጋለህ። ውሸት አልተናገርክም። የሰውየው ችግር ግን እዚያው ነው።

ይቺን መልስ ለስንት ሰው እንደሰጠሁ አላስታውስም። ለኔ የተሰጠችኝን ቀን ግን አስታውሳለሁ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የወገቤን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ያየ ሐኪም «አጥንትህ ንጹህ ነው፣ ምንም የለብህም» አለኝ። እኔ ደግሞ ከወንበሩ ለመነሳት ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በ26 ዓመቴ ነው። ከቀኝ መቀመጫዬ ተነስቶ በጭኔ ጎን ይወርድና በባቴ ውጭ በኩል አልፎ የእግሬ ጀርባ ላይ ይደርሳል፤ ማብቂያው አውራ ጣቴ ነው። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ሲብስ ይደነዝዛል። ሳስነጥስማ አይወራም። ከሁሉ የሚከፋው መቀመጥ ነው፤ የኔ እንጀራ ደግሞ መቀመጥ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ከደረሰኝ ወርጄ ሌላ እጠብቃለሁ። ቢሮ ውስጥ ላፕቶፔን ካርቶን ላይ አስቀምጬ ቆሜ መስራት ጀመርኩ፤ ልጆቹ «ሰባኪው» የሚል ስም አወጡልኝ።

ለኔ ስም ወጣልኝ፤ ለሕመሙ ግን ስም የሚሆን ጠፋ። ወይም በጣም በዛ። አክስቴ «ብርድ ነው» አለች። የቢሮ ጓደኛዬ «ነርቭ ነው፣ የአጎቴም እንደዚህ ነበር» አለኝ። ወጌሻው «ጅማትህ ዞሯል» ብሎ አሸኝና ሁለት ቀን ከአልጋ ሳልነሳ ቀረሁ። ክሊኒኩ «ምንም የለም» አለ፤ የሕመም ማስታገሻ መርፌና ቫይታሚን ሰጠኝ። ሌላ ክሊኒክ «ስትሬስ ይሆናል፣ ሥራ ይበዛብሃል?» አለኝ። ሥራ የማይበዛበት ሰው ካለ እስቲ ያስተዋውቁኝ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ስም ዝም ብሎ ስም አለመሆኑ ነው። ብርድ ካልከው መድኃኒቱ ጋቢ ነው። ጅማት ካልከው መታሸት። ስትሬስ ካልከው ዕረፍት። ስሙ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ ይወስናል። የከፋው ስም ደግሞ «ምንም የለም» ነው፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለምና። ራጅ አጥንት ያሳያል። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠውን ዲስክና በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ «በዚህ ፊልም ላይ ምንም አልታየኝም» ቢለኝ እውነት ነበር። እሱ ያለኝ ግን «ምንም የለብህም» ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለችው ልዩነት የኔን ሰባት ወር በላች።

*

በሰባተኛው ወር ብር አጠራቅሜ ኤም አር አይ ተነሳሁ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ ችግር እንዳለ፣ የታችኛው በጣም ወጥቶ የነርቭ ሥር እንደሚጫን ይላል። ያን ቀን የተሰማኝን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ደስ አለኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ፣ ለጓደኛዬ፣ «ሰባኪው» ላሉኝ ልጆች ሳይቀር ላክሁ። ሕመሜ ማኅተም ያለበት ወረቀት አገኘ። ከዚህ በኋላ የሚጠራጠረኝ የለም።

ወረቀቱን ያየ ስፔሻሊስት መደምደሚያውን አንብቦ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። ስም ያገኘ ሰው አይከራከርም። ብር መበደር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

እህቴ ናት «ሌላ ሐኪም ሳያይህ እንዳትቆረጥ» ብላ ሙጭጭ ያለችብኝ። ሁለተኛዋ ዶክተር ገና ስገባ የኤም አር አዩን ፖስታ ዘረጋሁላት። «አስቀምጠው» አለችኝ። «መጀመሪያ አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ ግማሹ ከእግር ጋር ምን አገናኘው የሚያሰኝ ነው። ሽንትህን መቆጣጠር አስቸግሮህ ያውቃል? በጭንህ መሐል፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ ይደነዝዝሃል? ሁለቱም እግር ይዝልብሃል? (አዎ ብል ኖሮ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል እላክ ነበር፤ የነርቮቹ ጥቅል በሙሉ ሲጨፈለቅ የሚመጣ ምልክት ነውና ቀጠሮ አይጠብቅም።) ማታ ማታ ያልብሃል? ትኩሳትስ? ክብደት ቀንሰሃል? (ይሄ የአከርካሪ ቲቢን ለመጠርጠር ነው፤ እኛ አገር ሐኪም ሳይጠይቅ ማለፍ የሌለበት ነገር።) ስትቀመጥ ይብሳል ወይስ ስትቆም? ዳገት ነው የሚያስቸግርህ ወይስ ቁልቁለት?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝታ ቀኝ እግሬን ሳይታጠፍ ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሳችው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጮህኩ። በተረከዜ ብቻ አስኬደችኝ፣ በጣቶቼ አስኬደችኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀና አድርግ ብላ በጣቷ ስትጫነው የቀኙ ታጠፈ፤ የግራው አልታጠፈም። የእግሬን ጀርባ በጥጥ ነካችው፤ በቀኝ በኩል ጥጡ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ የሚነካኝ ይመስላል።

ይሄን ሁሉ ጨርሳ ነው ፖስታውን የከፈተችው። አነበበች። ቀና አለች።

«የሚያምህ የትኛው እግርህ ነው ያልከኝ?»

«ቀኙ።»

«እዚህ ላይ በጣም ወጣ የተባለው ዲስክ ነርቭ የሚጫነው በግራ በኩል ነው።»

ያን ወረቀት ቢያንስ 20 ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስህተት መፈለግ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው። ግራ የምትለዋን ቃል ግን አላየኋትም፤ ስሜን ካገኘሁ በኋላ ማንበብ አቁሜ ነበር።

ዶክተሯ ፎቶዎቹን ራሷ እየገለበጠች አየቻቸው። ከላይኛው ዲስክ ላይ፣ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል፣ በቀኝ በኩል ነርቭ የሚያልፍበትን ጥግ ያጠበበች ትንሽ እብጠት አለች። ወረቀቱ በግማሽ መስመር አልፏታል። እዚያ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው 5ኛው የወገብ ነርቭ ነው፤ እሱ ደግሞ የእግር ጀርባን ስሜትና አውራ ጣትን ቀና የማድረግ ጉልበት የሚሰጠው ነው። የታችኛው ትልቁ ዲስክ ቢሆን ኖሮ በተለምዶ የሚደነዝዘኝ በትንሿ ጣቴ በኩል፣ የሚያቅተኝም በጣት ጫፍ መቆም ነበር፤ ያውም በግራ እግሬ። ትልቁ እብጠት ምንም የማያደርገኝ ጎረቤት ነበር። ጥፋተኛዋ ትንሿ ናት።

በኋላ ሳነብ ይሄ እንግዳ ነገር አለመሆኑን አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ እንዲነሱ አድርጎ ነበር። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። ሁሉም ዲስኮቻቸው ጤነኛ ሆነው የተገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሦስት ሺህ በላይ ምንም የማያማቸው ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች የሰበሰበ ግምገማ ደግሞ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ሰው ያበጠ ዲስክ እንዳለው አሳየ። እኔን ከመንገድ ላይ ካነሳችሁት ጤነኛ ልጅ ጋር ብታስተያዩኝ ፊልሙ ብቻውን ማን እንደሚያነክስ አይነግራችሁም።

ስለዚህ ራጁ «የለም» ሲል ተሳሳተ፤ ኤም አር አዩ «አለ» ሲል ደግሞ እኔን ወደ ተሳሳተ ቢላ ሊመራኝ ደረሰ። መሣሪያዎቹ አልዋሹም። ሁለቱንም ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን ከኔ ታሪክ ጋር ያስተያየ ሰው።

*

እዚህ ላይ ሐኪሞችን ረግሜ ብጨርስ ቀላል ነበር። አልችልም። እግሬ እያመመኝ በነበረበት በዚያው ወቅት እኔም አንዲት ልጅ ላይ ያንኑ አደረግሁ።

24 ሰዓት ለሚሰራ አንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ሲስተም ሰርተን ነበር። የምሽት ተረኛዋ ካሸር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሂሳቧን አስረክባ ትወጣለች። ጠዋት ሪፖርቱ ሲወጣ እሷ ላይ ብር ይጎድላል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ በተደጋጋሚ። ደወለችልኝ። ሞከርኩት፤ እኔ ጋ ይሰራል። እንደገና ደወለች፣ «እኔ ላይ የሚጎድለው እኮ ሌሊት ተረኛው ላይ ይተርፋል» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ሰው የራሱን ጉድለት በሌላው ትርፍ ያሳብባል እንዴ? ጉዳዩን ዘጋሁት። ጎደለ የተባለው ከደመወዟ ተቆረጠ።

ከአራት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ሳላስበው አገኘሁት። ሰርቨሩ ቀኑን የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ነበር፤ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠው ሁሉ የትናንት ተብሎ ይመዘገባል። የሌሊቱ ሽያጭ ወደ ምሽቷ ልጅ ሂሳብ ይገባል፣ ብሩ ግን ሌሊት ተረኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። እሷ ላይ የሚጎድለው እሱ ላይ ይተርፋል፤ ቃል በቃል እንዳለችው። እኔ ስሞክር የነበረው ቀን ቀን ነው፤ ቀን ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ይሰራል።

የአንድ መስመር ማስተካከያ ነበር። የተቆረጠባት ብር እንዲመለስ ለባለቤቱ ነገርኩ፤ እሷ ግን ሥራውን ከለቀቀች ቆይታለች። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ» ብላ ዘጋችው። ልክ ነች።

ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ያብሰለስለኛል። አጥብቄ የተጠራጠርኳት በጣም ትክክለኛውን ነገር በተናገረችበት ቅጽበት ነው። ትርፉና ጉድለቱ እኩል መሆኑ የችግሩ አድራሻ ነበር። ለኔ ግን እኔ ከማውቀው ጋር ስላልገጠመ ውሸት መሰለኝ።

*

አሁን ወደ ዶክተሯ ጥያቄ ልመለስ። ዳገት ነው የሚያስቸግርህ ወይስ ቁልቁለት?

«ሁለቱም አይለያይብኝም» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጦሳ ሥር ያለች፣ ወይ የምትወጣባት ወይ የምትወርድባት ከተማ ናት። እማዬ እግሬን ይለኛል ማለት ከጀመረች አምስት ዓመት አልፏታል። ገበያ ስትሄድ ትንሽ ከተራመደች በኋላ ሁለቱም እግሯ ይዝላል፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ይተዋታል፣ ትነሳለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስታስቀድስ መቋሚያዋ ላይ ወደ ፊት ደገፍ ካላለች አትችልም። ሰፈሩ ሁሉ «ብርድ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ «ዕድሜ ነው እማዬ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ከገበያ ስንመለስ «ዳገቱ አይደለም ልጄ፣ ቁልቁለቱ ነው የሚጥለኝ» አለችኝ። ሳቅሁ። ዳገት ቀሎት ቁልቁለት የሚከብደው ሰው የት አለ? ሲያስቡት የማያሳምን ነገር ነው። ቁጭ ስትል የሚተዋት ነገር ደግሞ በሽታ አልመሰለኝም፤ ድካም ነው፣ ትንሽ ደግሞ ልጅ አጠገቤ ይሁን የምትል እናት ነገር መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ ይሄን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አምጣት» አለችኝ።

ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶብስ ስንመጣ አብረን ነበርን። እሷ ሙሉ ቀን ተቀምጣ አንዴም አላመማትም፤ እኔ በየፌርማታው እየወረድኩ ስንጠራራ ዋልኩ። ሁለታችንም ለሚጠይቀን ሰው የምንለው «እግሬን ያመኛል» ነው። ለኔ መቀመጥ ሕመም ነው፣ ለሷ መድኃኒት። አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ግን ተቃራኒ ነው።

የሷ ስም የነርቭ መተላለፊያው ቦይ መጥበብ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወይም ቁልቁል ሲወርድ ወገቡ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ቦዩም የበለጠ ይጠብባል። ዳገት ሲወጣ፣ ሲቀመጥ፣ መቋሚያ ላይ ሲደገፍ ወደ ፊት ያጎነብሳልና ቦዩ ይከፈታል። ውጭ አገር ሐኪሞች በሽተኛው የሱፐርማርኬት ጋሪ ላይ ተደግፎ ሲሄድ ይቀለዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የኛ ጋሪ መቋሚያ ነው። ሄንክ ቨርቢስት የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ይሄን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1954 በዝርዝር ጽፎታል። እናቴ ከዚህ ሁሉ ምንም ሳታነብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ነበር። ዶክተሯ የእግሯን የደም ትርታም በጣቷ ፈለገች፤ የደም ሥር መጥበብም ሰውን መንገድ ላይ ያስቆማልና። እሱ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ይበቃዋል፣ ቁጭ ማለት ወይም ማጎንበስ አይጠይቅም። ኤም አር አይ የታዘዘው መጨረሻ ላይ፣ ምን እንደሚፈለግ ከታወቀ በኋላ ነው።

*

ታዲያ ጥያቄው ምንድን ነው? የማይታይ ሕመም እስኪታመን ድረስ ማስረጃ ማቅረብ አለበት ወይ?

ኢሌይን ስካሪ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ሕመም ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፦ ለሚያመው ሰው ከሕመሙ የበለጠ እርግጠኛ ነገር የለም፤ ለሚሰማው ሰው ግን ከዚያ የበለጠ የሚያጠራጥር የለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል ሰው ያመኛል ሲል ቃሉ መከበር እንዳለበት አብሮ ጽፏል። ጥሩ ነው። ግን ማክበር ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል ብዬ አምኜ ነበር፤ ስፔሻሊስቱም አመነኝ። ያ መታመን በተሳሳተ በኩል ሊያስቆርጠኝ ነበር።

ስለዚህ ማመን ሁለት ነገር ይመስለኛል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አለብን። ስልክ የሚደውል ተጠቃሚ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ሲናገር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ልክ ነው። ለምን እንደተበላሸ ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በሽተኛም እንደዚያው። እግሬን ማመሙ ላይ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው ነርቭ እንደሆነ ግን እኔ ማወቂያ የለኝም። ሰውየውን ማመንና ማብራሪያውን መቀበል አንድ አይደሉም። ክሊኒኩ ማብራሪያ ስላላገኘ እኔን ራሴን ጣለኝ። ስፔሻሊስቱ እኔን ስላመነ ማብራሪያውን አብሮ ዋጠ። ሁለቱም ያቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቀጣዩን ጥያቄ ሳይጠይቁ።

«ጊዜ የለማ» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ነው። የተሰለፈውን ሰው እኔም በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቁጭ ማለት ስለማልችል። ሐኪሙ ደክሞታል፣ እኔም የልጅቷ ስልክ ሲመጣ ሌላ ሥራ ተከምሮብኝ ነበር። ግን «ምንም የለብህም» ለማለት የሚፈጀው ጊዜና «እኔ አላገኘሁትም፤ ይሄ ማለት የለም ማለት አይደለም» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። ሁለተኛው ቢያንስ በሩን ክፍት ይተወዋል። ለእናቴ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም ማለት አልችልም። አብሬያት እየሄድኩ፣ ዘንቢሏን ይዤላት ነው የሳቅሁት።

አሁን ኦፕራሲዮን አልተደረግሁም። ፊዚዮቴራፒ ላይ ነኝ፤ ሕመሙ በጣም ቀንሷል፣ አውራ ጣቴ ጉልበቱ እየተመለሰ ነው፣ የእግሬ ጀርባ ግን አሁንም ትንሽ ይደነዝዛል። እማዬም ለጊዜው እንቅስቃሴና መድኃኒት ታዞላታል፤ ካልተሻላት ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገራለን። ትክክለኛ ስም ማግኘት መዳን ማለት አይደለም። የማይረባውን መንገድ መተው መቻል ነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ ዶክተሯ አስረድታ ስትጨርስ እማዬ ያለችውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ስለ መድኃኒቱ አልጠየቀችም፣ ስለ ኦፕራሲዮኑም አልጠየቀችም። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እንግዲህ ያልኩት እውነት ነበራ፣ ልጄ?» አለቻት።

ዶክተሯ «አዎ እናቴ፣ እውነት ነበር» አለቻት።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ለመቀመጥ አልቻልኩም።